“ሳይቃጠል በቅጠል” በጀት ይፈልጋል

ክረምት በገባ ቁጥር በየቤቱ የሚደገም ነገር አለ። ልጆች ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ ችግኛቸውን በፌስታል ይዘው ከወላጅ ወይም ከአያት ጋር ወደ ተከላ ይወጣሉ። ፎቶ ይነሳሉ፤ ማታ በዜና የተተከለው ችግኝ ብዛት ይነገራል። የአረንጓዴ አሻራ መርሃ ግብር ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ይህ የብዙ ቤተሰብ የሐምሌ ልማድ ሆኗል፤ መልካም ልማድም ነው።

ከሐምሌ በኋላ ግን ታኅሣሥ ይመጣል። ሣሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይነሳል፤ ዘንድሮ የተተከለው ችግኝም መቶ ዓመት የኖረው ደንም ለአንድ ክብሪት የተመቸ ይሆናል። ስንት ኪሎ ሜትር የእሳት መከላከያ መስመር ተመነጠረ? ስንት ጠባቂ የበጋ አበል ተከፈለው? ስንት ቀበሌ አካፋና የጀርባ ውሃ መርጫ ተዘጋጀለት? እነዚህ ቁጥሮች ግን እንደ ችግኙ በዜና ሲነገሩ አንሰማም።

“ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን አባባል ለሁሉም ነገር እንጠቅሰዋለን፤ ለልጅ ጠባይ፣ ለጤና፣ ለትዳር ጠብ። ደን ላይ ግን አባባሉ ቃል በቃል የሥራ መመሪያ ነው። እሳቱ ገና ከጉልበት በታች ሳለ አራት ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ መትቶ ያጠፋዋል። ዛፍ ጫፍ ላይ ከወጣ በኋላ አራት መቶ ሰውም ላይበቃ ይችላል። አራቱ ሰዎች በሰዓቱ እዚያ እንዲገኙ ደግሞ አንድ አካል አስቀድሞ ብር መመደብ አለበት።

ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንባቢዎች የ1992ን በጋ ያስታውሱታል። ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው እሳት ለሳምንታት ሳይጠፋ ቆየ። ያዳረሰው ደን ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ሄክታር በዓይነ ኅሊናችን ለማይመጣልን የከተማ ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ጠቅላላ ስፋት ከሃምሳ ሺህ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ተሰልፎ ዘመተ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በኦሮሚያ ተማሪዎች “መንግሥት ዘገየ” ብለው አደባባይ ወጡ። በመጨረሻ እሳቱን ያጠፋው የሰው ጉልበትና የበልጉ ዝናብ ተጋግዘው ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። ዋልያና ጭላዳ የሚውሉበት፣ ሰው በእግሩ በቀላሉ የማይደርስበት ገደል ላይ ጓሳውና አስታው ሲነድ የአካባቢው ሰው ቅጠልና አፈር ይዞ ወጣ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ተጠበቀ። የመጡትን ማመስገን ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በሁለቱም ጊዜ ገንዘቡም ባለሙያውም የተንቀሳቀሰው ጭሱ ከሩቅ ከታየ በኋላ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ከክፋት ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ብሩ የሚለቀቀው ዝናብ ሲዘንብ ነው፤ በዝናብ ደግሞ የሚታሰበው ችግኝ ነው። እሳት የሚፈራበት ጊዜ ሲደርስ የዓመቱ ግማሽ አልፏል፤ የግዢ ሂደቱ በየጠረጴዛው ሲንከባለል የካቲት ይደርሳል። ለእሳት መከላከያ የሚውል ብር ግን ኅዳር ላይ እጅ ላይ መሆን አለበት። መስመሩ የሚመነጠረው ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ ጠባቂው የሚቀጠረው መንገዱ ሳይነድ ነው። መጋቢት ላይ የደረሰ የውሃ መርጫ ለሚቀጥለው ዓመት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሲፈለግ ደግሞ ጎማው ተሰነጣጥቆ ይገኛል።

የሚያስፈልገው ዕቃም የሚያስደነግጥ አይደለም። አካፋ፣ ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ገጀራ። እሳት መምቻ ረጅም እጀታ ያለው ላስቲክ። በጀርባ የሚታዘል የውሃ መርጫ። ጫማ። ከተራራ ተራራ የሚያገናኝ ሬዲዮ። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ሳተላይቶቹ ያዩትን የእሳት ነጥብ በሰዓታት ውስጥ ለማንም በነፃ ስለሚያሳይ፣ ኢንተርኔት ያለው አንድ ወጣት በወረዳው ቢመደብ የት ጭስ እንዳለ ከቢሮው ማየት ይችላል። ከሁሉ በላይ ውድ የሚሆነው የሰው ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የሚጠብቅ፣ የሚዞር፣ መስመር የሚያጸዳ ሰው አበል። እሱም ቢሆን ከአንድ ወር የሄሊኮፕተር ኪራይ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ብሩ ለማን ይከፈል? ስለ እሳት የሚያውቀው ማን ነው?

በዚህ ነገር ላይ ባሌ ብዙ ያስተምራል። በባሌ ተራሮች ከ3500 ሜትር ከፍታ በላይ አስታ የሸፈነው ሰፊ መሬት አለ። ከብት አርቢው በዚያ መሬት ላይ እሳትን እንደ መሣሪያ ሲጠቀም ኖሯል። ሕጉ ደግሞ ማቃጠልን ይከለክላል። ለብዙ ዓመታት የተለመደው አነጋገር “አርቢው ደን ያቃጥላል፣ መንግሥት ይከላከላል” የሚል ነበር። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ማሪያ ዮሐንሰን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከተካተቱባቸው ባልደረቦቿ ጋር ሆና አርቢዎቹን ጠየቀች፣ የሚነዱ እሳቶችን ቆማ አየች፣ የአስታውን ዕድሜ በየቦታው ለካች። ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ታተመ።

አርቢዎቹ ለምን እንደሚያቃጥሉ ሦስት ምክንያት ሰጥተዋል። ለከብቱ ለስላሳ ግጦሽ እንዲወጣ፣ ከብት የሚመርዝ አባጨጓሬ እንዲጠፋ፣ በጥቅጥቅ ያለው አስታ ውስጥ ተደብቆ ከብት የሚነጥቅ አውሬ መሸሸጊያ እንዲያጣ። የሚገርመው ግን ምክንያቱ ሳይሆን ዘዴው ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት በፊት የነደደ ቦታ ገና የሚቃጠል ነገር ስለሌለው አይነድም። አርቢዎቹ ይህን ያውቁታል፤ አዲሱን እሳት የሚለኩሱት በእንዲህ ዓይነት ቦታዎች መካከል ስለሆነ እሳቱ እዚያ ሲደርስ በራሱ ይሞታል። በዚህም ተራራው እንደ ተጣፈ ነጠላ ይሆናል፤ እዚህ የሁለት ዓመት፣ እዚያ የሰባት፣ ወዲያ ማዶ የአሥር ዓመት አስታ። በአማካይ አንድ ቦታ የሚነደው በየአሥር ዓመቱ ገደማ ነው። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ቅጠሉ እርጥበት ሲጠየቁ አርቢዎቹ የመለሱት ለእሳት ሳይንስ እንግዳ አልነበረም።

አሁን ይህ ተጣፊ ቢጠፋ ምን ይሆናል? አስታው ያለ ልዩነት ያረጃል፣ ይደራረባል፣ ይደርቃል። በአንድ ክፉ ዓመት የተነሳ እሳት የሚያቆመው ቦታ አያገኝም። በተጨማሪም ማቃጠል ወንጀል ሲሆን ሰው ለኩሶ ይሸሻል እንጂ እንደ ድሮው አብሮ ቆሞ አይጠብቅም። ይህን ለሚጠራጠር አንባቢ የምለው፣ የገጠር አያት ካለዎት ይጠይቁ። እርሻ ሲያጸዱ ገለባ እንዴት ያቃጥሉ እንደነበር፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ሰው ቆሞ። መልሱ ከአንድ የሥልጠና ወረቀት የበለጠ ዝርዝር ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ደን ሁሉ ይቃጠል ማለት አይደለም። ከአስታው ዝቅ ብሎ ያለው የሐረና ደን ሌላ ፍጥረት ነው። እርጥብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ነው። እሱ ለእሳት አልተፈጠረም፤ ከገባበት ለማገገም የሰው ዕድሜ አይበቃም። ከባሌ ተራሮች የሚወርዱትን ዋቤ ሸበሌን፣ ገናሌንና ሌሎች ወንዞችን በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይጠቀምባቸዋል ይባላል። በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው ተራራ ነው። ስለዚህ የእሳት በጀት ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ የት መቃጠል እንደሌለበት የሚጠብቅ፣ የት በልክ ሊነድ እንደሚችል የሚያውቅ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የዚያው መንደር ሰው ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፈላቸው የለም።

የሚከፈልበት መንገድ አልጠፋም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጊንጪ አቅራቢያ ባለው በጭልሞ ደንና በቦንጋ፣ ከዚያም በአዳባና ዶዶላ ደን ለሰው በኃላፊነት የማስረከብ ሥራ ተጀመረ። በአዳባ ዶዶላ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ አንድ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራ፣ ለአንድ አባወራ በአማካይ 12 ሄክታር ደን። አባላቱ ለደኑ ኪራይ ይከፍላሉ፣ በውል የተፈቀደላቸውን እንጨትና ግጦሽ ይጠቀማሉ፣ የሌላውን መጥረቢያና እሳት ደግሞ ይከላከላሉ። የ2010ሩ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አውቆታል። የራሱ የሆነ ሰው ጭስ ሲያይ ለመሮጥ ደብዳቤ አይጠብቅም። ግን ሯጩም ጫማ ያስፈልገዋል፤ ከሩጫው በኋላም ያልታረሰ እርሻ ይጠብቀዋል።

ብር የለም እንዳይባል ደግሞ ሁለት ነገሮች አሉ። በ2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚውል ልዩ ፈንድ አጽድቋል፤ በየዓመቱ ከፌዴራል መንግሥቱ በጀት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሄድበት ነው። ለደን እንዲህ ያለ ቋሚ የመንግሥት ገንዘብ መመደቡ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ በ2015 ከዓለም ባንክ ጋር የተፈረመው የኦሮሚያ ደን የካርቦን ስምምነት ነው፤ እስከ 4 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ልቀት ከተቀነሰ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። እዚህ ላይ የእሳት ነገር በቀጥታ ገንዘብ ነው። ክፍያው የሚመጣው ደኑ ሲቆም ነው፤ የነደደ ደን ለአየሩ ጭስ፣ ለአገሩ ባዶ ደረሰኝ ነው። እንደኔ እንደኔ ከሁለቱም ገንዘብ ላይ ቁራጭ ተቆርጦ በስሙ “የበጋ እሳት መከላከያ” ተብሎ ቢመደብ፣ ወደ ሌላ ርዕስም እንዳይዞር ቢታሰር፣ ችግኙንም የሚያጸድቀው እሱ ነው።

“እንዳይዞር” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሀብታም አገርም እዚህ ላይ ተሰናክሏል።

ልጅ ወይም ወንድም ሎስ አንጀለስ ያለው ቤተሰብ የ2017ን ገና አይረሳውም። ታኅሣሥ 29 እኛ ዶሮአችንን ስንበላ እዚያ ፓሊሴድስ በተባለው ሰፈር እሳት ተነሳ፤ በዚያው ዕለት ማታ ደግሞ በሌላው የከተማዋ ጫፍ ሌላ። በሁለቱ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። “ትንሿ ኢትዮጵያ” የሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ባይቃጠልም፣ ጭሱ ግን ለሁሉ ደረሰ፤ ከዚህ ወደዚያ ስልክ ሲደወል ማደሩንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያን እሳት ያባባሰው ከባድ ነፋስና ድርቅ ነው። በአጠቃላይ የአሜሪካን ደን በተመለከተ ግን የበጀቱ ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የአገሪቱ የደን አገልግሎት ከበጀቱ 16 በመቶውን ለእሳት ያውል ነበር፤ በ2015 ከግማሽ በላይ ሆነ። ለማጥፊያ የተመደበው ሲያልቅ ደኑን ለማሳሳትና ለማጽዳት ከተቀመጠው ይወሰድ ነበር። ያልጸዳው ደን በሚቀጥለው ዓመት ይነዳል፤ እንደገና ይወሰዳል። ኮንግረሱ በ2010 ለከባድ የእሳት ዓመት የተለየ ፈንድ እንዲቋቋም የወሰነው ይህን አዙሪት ለመስበር ነው።

ፖርቱጋል የከፈለችው ዋጋ ደግሞ የከፋ ነው። በሰኔ 2009 ፔድሮጋዎ ግራንዴ በሚባል አካባቢ የተነሳ እሳት 66 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ላይ ሊያመልጡ ሲሞክሩ የደረሰባቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የእሳት ጉዳይን የሚያስተባብር አንድ ተቋም አቋቋመች፤ ከጠቅላላው የእሳት ወጪ አንድ አምስተኛ ገደማ የነበረውን የመከላከያ ድርሻ በጥቂት ዓመታት ወደ ግማሽ አስጠጋች። ከዚያም ወዲህ ትልልቅ እሳቶች አይታለች፤ መከላከል አስማት አይደለም። ፖርቱጋልን ያነሳሁት ግን ለሌላ ነገርም ነው። እዚያ ከሁሉ የበዛው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍን እኛ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። ማገሩም፣ አጣናውም፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም እሱ ነው። ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ልጣጩ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ሲነድ የተቃጠለው ልጣጭ በነፋስ ተነስቶ ከእሳቱ ፊት ርቆ ይወድቃል፣ እዚያም ይለኩሳል። ገጠር የቤተሰብ ባሕር ዛፍ ያላችሁ ሰዎች፣ በዛፉና በሣር ቤቱ መካከል፣ በዛፉና በጎረቤት ዛፍ መካከል ንጹሕ መሬት መኖሩን በኅዳር አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩ። ለአሥርተ ዓመታት ከእንጦጦ ቅጠል እየጠረጉ በጀርባቸው ያወረዱ እናቶች ለእንጀራ ማገዶ ብለው የሠሩት ሥራ፣ በሌላ አገር በጀት ተመድቦለት የሚሠራ የደን ማጽዳት ነበር። መሬቱን አራቁቷል የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩ ትክክል ነው። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት “ምን ያህል ልክፈላችሁ?” ያላቸው የለም።

ቤት ውስጥ ለልጆች የሚነገረውም ብዙ አይደለም። በአገራችን የደን እሳት ከሚነሳባቸው መንገዶች አብዛኞቹ የሰው እጅ ያለባቸው ናቸው፤ ማር ቆራጩ የያዘው ችቦ፣ በደን ዳር የተተወ የከሰል ክምር፣ እርሻ ለማስፋት የተለኮሰ ቁጥቋጦ፣ የእረኛ ልጅ ለጨዋታ ያነደደው ሣር። ለበዓል ወይም ለሽርሽር ከከተማ የሚወጣ ቤተሰብም ቡና አፍልቶ ፍሙን ትቶ ይመጣል። ውሃ ማፍሰስ፣ አፈር ማልበስ፣ ከዚያ አመዱን በእጅ ጀርባ ሙቀት እንደሌለው መፈተሽ፤ ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ሲያደርግ ካየ አይረሳውም። በአካባቢያችሁ ጭስ ከበዛ ደግሞ አስም ያለበት ልጅና አያት ከቤት አይውጡ፣ በሩና መስኮቱ ይዘጋ። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ረቂቅ ብናኝ ሳንባ ድረስ የሚገባ ነው።

የበጀቱ ነገር ግን በቤት ውስጥ አያልቅም። ብዙ ወረዳዎች የዓመቱን በጀታቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ደን በአቅራቢያ ያላችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ እዚያ የሚኖሩ፣ ሰሌዳው ላይ ለችግኝ ስንት፣ ለበጋ ጥበቃ ስንት እንደተጻፈ አንብቡ። ለጥበቃ የተጻፈ ከሌለ በቀበሌ ስብሰባ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ አያቶች ሲጠይቁ ደግሞ ጥያቄው ይሰማል። የሚጠየቀውም በሰዓቱ ነው። የፌዴራሉ ረቂቅ በጀት ወደ ምክር ቤቱ የሚቀርበው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ሆኖ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ይጸድቃል፤ ወረዳዎች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ ቀደም ብለው ነው፤ ማለትም ሣሩ በደረቀበት፣ ጭሱ ከተራራው በሚታይበት ወራት። ያኔ ያልተጠየቀ የእሳት መከላከያ ብር በሚቀጥለው ታኅሣሥ አይገኝም።